ስለ ሙስና፤ የተሸጠ በር ጭነት አይመርጥም

ከመተማ ዮሐንስ፤ ከአንድ የንግድ ቤት ጸሓፊ



በንግድ ቤት ጸሓፊነት የሚያገለግል ሰው በየዓመቱ ሰኔ 30 ቀን መዝገቡን ሲዘጋ የጌታውን ትርፍና ኪሣራ ብቻ ሳይሆን የአገሩንም ጠባይ አብሮ ይቆጥራል። ሰሊጡ የተገዛበት ዋጋ፣ የካሚዮኑ ኪራይ፣ የጫኝና የአውራጅ ሒሳብ፣ የጆንያው፣ የዘበኛው ደመወዝ፣ ሁሉም በየዓምዱ በየስሙ ተጽፎ ይገኛል። ከእነዚህ ሁሉ በታች ግን በብዙ መዝገብ ላይ አንድ ዓምድ አለ፤ ስሙም «ልዩ ልዩ ወጪ» ይባላል። ይህ ዓምድ ምን እንደ ተገዛበት አይናገርም፤ ማን እንደ ተቀበለ አይናገርም፤ ደረሰኝም የለውም። እኔ በዚህ በመተማ ቆላ ብዙ ዓመት መዝገብ ስጽፍ ስለ ሙስና ከመጽሐፍ ካገኘሁት ትምህርት ይልቅ ከዚህ ዓምድ ያገኘሁት ይበልጣል።

ነገሩን በአንድ አስረጅ ልጀምር። ጥቂት ዓመታት ያለፉት ነው። ወሩ ኅዳር፣ ሰሊጥ ከየእርሻው ተሰብስቦ ወደ ገበያ የሚጐርፍበት ጊዜ ነበር። የጌታዬ ካሚዮን ተጭኖ ከአንድ መሥሪያ ቤት የምትገኝ አንዲት ማኅተም ስትጠበቅ ቆመ። ከፊታችን ብዙ መኪና ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ አገናኝ ወደ እኔ ቀረበና «ጉዳዩ እንዲፋጠን ለሻይ የሚሆን» አለኝ። ለጌታዬ በስልክ ነገርኋቸው፤ እርሳቸውም «ስጠው፤ ሰሊጡ ፀሓይ ላይ አይደር» አሉኝ። ሰጠሁት። በማግስቱ ጧት የእኛ ካሚዮን የመጀመሪያ ሆነ።

በሰልፉ ላይ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከአነስተኛ ገበሬዎች እየለቀሙ የገዙትን ሰሊጥ በተከራዩት አይሱዙ ጭነው ይጠባበቁ ነበር። የእኛ መኪና ሲያልፍ አይተው ወደ እኔ መጡና «ልጄ፣ ትናንት ሦስተኛ ነበርሁ፤ ዛሬ ስምንተኛ ሆንሁ። ሰልፍ ወደ ኋላም ይሄዳል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። የቁጣ ቃል አልተናገሩም፤ በእውነት ግራ ገብቷቸው ነበር። እኔም መልስ አላገኘሁላቸውም። ወደ ቢሮዬ ተመልሼ በመዝገቡ ላይ «ልዩ ልዩ ወጪ፤ 8,000 ብር» ብዬ ጻፍሁ።

ያን ምሽት ስለ ነገሩ ሳስብ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። እኛ ፍጥነት የገዛን መስሎን ነበር። ነገር ግን በዚያ ቀን በዚያ መሥሪያ ቤት አንዲትም ማኅተም በፍጥነት አልተመታችም። ቀኑ ያው ቀን፣ ጸሓፊው ያው ጸሓፊ፣ የመኪናውም ብዛት ያው ነበር። ለእኛ የቀነሰው ሁለት ቀን ከሰማይ አልወረደም፤ ከእኚያ እናትና ከመሰሎቻቸው ላይ ተቈርጦ የተሰጠን ነው። የገዛነው ፍጥነት አልነበረም፤ የሰው ተራ ነበር። ሻጩም የራሱ ያልሆነውን ሸጠልን።

ስለ ቃሉ

ሙስና የሚለው ቃል ከግእዝ የመጣ ነው። «ማሰነ» ማለት ጠፋ፣ ፈረሰ፣ ተበላሸ ማለት ሲሆን፣ ሙስናም ጥፋት፣ መፍረስ፣ መበስበስ ነው። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት ይህ ቃል የሥጋን በመቃብር መፍረስ ለመግለጽ እንደሚነገር ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል። የአውሮፓ ቋንቋዎች ለዚሁ ነገር የሚጠቀሙበት ከላቲን የወጣው ቃልም መሠረቱ መሰበርና መበላሸት ነው። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች የሰየሙት ስርቆትን አይደለም፤ ብልሽትን ነው። ልዩነቱም ታላቅ ነው። ሌባ ከሣጥን ውስጥ ገንዘብ ቢወስድ ሣጥኑ ሣጥን እንደ ሆነ ይቀራል። ሙስና ግን ሣጥኑን ራሱን ምስጥ እንደ በላው እንጨት ያደርገዋል፤ ከውጭ ሲያዩት የቆመ ይመስላል፤ ሲደገፉት ይወድቃል።

ሚዛን ዕቃን ለመመዘን፣ ማኅተም እውነትን ለማጽናት፣ ሰልፍ ተራን ለመጠበቅ፣ ዳኛም ፍርድ ለመስጠት የቆሙ ናቸው። ማኅተሙ ገንዘብ ለሰጠ ሁሉ የሚመታ ከሆነ ቅርጹ ሳይለወጥ ሥራው ጠፍቷል። ከዚያ ወዲያ እውነተኛው ሰነድም አይታመንም፤ በንጹሕ መንገድ የተገኘው ማኅተም ከተገዛው ተለይቶ የሚታወቅበት ምልክት የለውምና። ስለዚህ ጉቦ የሚጎዳው ያልሰጠውን ብቻ አይደለም፤ ሰጥቶ ያገኘውም ሰው ያገኘው ወረቀት ዋጋው ወድቆበታል።

አባቶቻችን ነገሩን ጉቦና መማለጃ እያሉ በስሙ ይጠሩት ነበር። ፍትሐ ነገሥትም ዳኛ መማለጃ እንዳይቀበል ያዝዛል። በእስልምናም ትምህርት ሰጪውም፣ ተቀባዩም፣ በመካከል ሆኖ የሚያገናኘውም ሦስቱም የተወገዙ መሆናቸውን የመተማ ሙስሊም ነጋዴዎች ሁሉ ያውቃሉ። ዛሬ ግን ስሙን የሚጠራው ጥቂት ነው። «ለሻይ»፣ «ለምሳ»፣ «ለካርድ»፣ «እጁን አሙቅለት» እንላለን። ስም መለወጥ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ክፉ ሥራ ወደ ጨዋ ሰው ቤት የሚገባው በስሙ ሳይሆን በቅጽል ስሙ ነው። «ጉቦ ስጥ» ብለው ቢያዝዙኝ ኖሮ ምናልባት እጄ በተንቀጠቀጠ ነበር። «ለሻይ» ስለ ተባልሁ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ስጦታና ጉቦ

አንዳንድ ሰዎች «እኛ ኢትዮጵያውያን የስጦታ ሕዝብ ነን፤ ወደ ትልቅ ሰው ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው፤ እጅ መንሻ ከጥንት የነበረ ልማድ ነው» ይላሉ። ቃሉ እውነት ነው። ነገር ግን ስጦታና ጉቦ እንደ ስንዴና እንክርዳድ በማሳ ላይ ቢመሳሰሉም በወንፊት ይለያሉ። እኔ በበኩሌ ሁለት ወንፊት አግኝቻለሁ።

አንደኛው፣ ስጦታ በአደባባይ ይሰጣል። ሙሽራ ሲሸለም፣ ለቅሶ ቤት እንጀራና ወጥ ሲላክ፣ እንግዳ ሲጐርስ ሁሉም ያያል፤ ሰጪውም ቢታይለት ደስ ይለዋል። ጉቦ ግን ሰው በሌለበት፣ በመኪና ጥላ ሥር፣ በተጣጠፈ ወረቀት ውስጥ ነው። ሁለተኛው ወንፊት ከዚህ የጠለቀ ነው። በስጦታ ጊዜ ሰጪና ተቀባይ ብቻ ናቸው፤ የጎደለበት ሦስተኛ ሰው የለም። በጉቦ ጊዜ ግን ዋጋውን የሚከፍል፣ በስፍራው የሌለ ሦስተኛ ሰው አለ። በእኛ ነገር ሦስተኛዋ ሰው እኚያ እናት ነበሩ። ከእርሳቸውም ኋላ ሰሊጣቸውን በዱቤ የሰጡአቸው ገበሬዎች፣ ከገበሬዎቹም ኋላ ከደጋ ወርደው ያጨዱና ደመወዛቸውን የሚጠባበቁ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ስለዚህ አንድ ሰው «ጉቦው ማንን ጎዳ? ሰጪው ወዶ፣ ተቀባዩ ወዶ» ቢል፣ መልሱ «የተጎዳው አልተጠየቀም» የሚል ነው።

ስለ ድሮው ልማድ

መተማ የበር አገር ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከደጋ የሚወርደው ቡናና ሰም ከቆላው ጥጥ ጋር የሚገናኝባት ታላቅ ገበያ ነበረች። ገበያውን ያስተዳድሩ የነበሩት ከምዕራብ መጥተው የሰፈሩት የተክሩር ሹማምንት ሲሆኑ፣ ለኢትዮጵያም ለግብፅም ለሁለቱም ወገን ይገብሩ እንደ ነበር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1862 ዓ.ም. በዚህ ያለፈው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ዘግቦአል። በዚያ ገበያ ከቡናውና ከሰሙ ጋር የሰው ልጅም ይሸጥ ነበር። በር ጠባቂው ቀረጡን ይጠይቃል እንጂ ስለ ጭነቱ አይጠይቅም ነበርና።

በዚያ ዘመን በመላው አገራችን ሹመት ደመወዝ አልነበረውም። የተሾመ ሰው የሚኖረው ከተሾመበት አገርና ከተሰጠው ኬላ በሚያገኘው ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የተወለደው ከዚህ ሥርዓት ነው። ያን ጊዜ መብላት የሹመቱ መተዳደሪያ ነበርና ተረቱ የጊዜውን ኑሮ ይገልጽ ነበር። ይሁን እንጂ ያ ሥርዓት ያለፈ ሆኖ ሳለ ተረቱ ሳይሻር ቀረ። ዛሬ ሹም ሁሉ ከመንግሥት ግምጃ ቤት በየወሩ ደመወዝ ይቀበላል፤ ያም ደመወዝ እኛ ከከፈልነው ግብር የወጣ ነው። ደመወዙን ተቀብሎ ደግሞ ከበሩ የሚበላ ሰው እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይበላል። እኛም ተረቱን እየሳቅን በተናገርን ቁጥር ለሁለተኛው ማዕድ እንባርክለታለን።

ይህን ልማድ ከማንም አስቀድመው ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። ትውልዳቸው ዓድዋ ሲሆን፣ አባታቸው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወደቁበት በዚሁ በመተማ ጦርነት የሞቱ ናቸው። ልጁ አድገው በውጭ አገር ተምረው ሲመለሱ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፋቸው የመንግሥት ሀብትና የንጉሡ የግል ሀብት ተለይቶ ይታወቅ ዘንድ መከሩ። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸውም የሕዝብ ሀብትና የመንግሥት አስተዳደር እንዴት እንደ ተያያዙ አስረድተዋል። የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ጉምሩክን በእጃቸው የመሩ ሰው ናቸውና ምክራቸው የሩቅ ተመልካች ወሬ አይደለም። አባትየው በዚህ በር ላይ ደማቸውን አፈሰሱ፤ ልጅየው ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ በሥርዓት እንዲያዝ በብዕራቸው ተከራከሩ። የአገርን በር መጠበቅ ሁለቱንም የሚጠይቅ መሆኑን ከዚህ ቤተሰብ እንማራለን።

ስለ ሰሊጥና ስለ ጊዜ

ሙስና በየአገሩ እንደ አየሩ ጠባይ ይለያያል። በእኛ ቆላ የሚይዘው መንገድ ከሰሊጥ ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ያለበት ቆባ ይከፈታል፤ ሳይታጨድ ከቆየም ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በቋራም፣ በመተማም፣ በምዕራብ አርማጭሆም የአንድ ዓመት ሀብት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መታጨድ፣ መራገፍና መጓጓዝ አለበት። ብዙ ሰው ብድር ወስዷል፤ ሠራተኛው ዋጋውን ይጠብቃል፤ የካሚዮን ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል። በሌላ ወር አንድ ቀን አንድ ቀን ነው፤ በኅዳር ግን አንድ ቀን ገንዘብ ነው።

ጉቦ የሚፈልግ ሰው የሚሸጠው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ልብ እንበል፤ ፍጥነትን የሚሸጥ ሰው አስቀድሞ መዘግየትን ማምረት አለበት። ሥራው በተፈጥሮው ፈጣን ከሆነ ማንም ለፍጥነት አይከፍልምና። ስለዚህ እኛ በከፈልን ቁጥር ነገሩ የሚፋጠን አይምሰለን፤ በሚመጣው ዓመት ሰልፉ ይበልጥ እንዲረዝም ምክንያት እንሰጣለን። ለጉቦ የተከፈለ ገንዘብ ለመዘግየት የተከፈለ ደመወዝ ነው ማለት ይቻላል።

በጥራትም በኩል ነገሩ እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ገዢና ሻጭ ሳይተያዩ በደረጃና በሚዛን ተማምነው እንዲገበያዩ ነው። የሁመራና የጎንደር ነጭ ሰሊጥ በውጭ ገበያ የሚፈለግበት ስም ያለው ዕቃ ነው። በየትኛውም ሥፍራ ቢሆን ደረጃ አውጪ ጉቦ ተቀብሎ አፈርና ገለባ ያለበትን ሰሊጥ ንጹሕ ነው ብሎ ቢጽፍ፣ የሚወድቀው የአንድ ነጋዴ ጆንያ ብቻ አይደለም። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ጆንያውን ሲከፍት የሚያየው የነጋዴውን ስም ሳይሆን የአገሩን ስም ነው። በንጽሕና ያበጠረው ገበሬም ዋጋው አብሮ ይወርድበታል።

በሩ ጭነት አይመርጥም

አሁን ወደ ጽሑፌ ዋና አሳብ እደርሳለሁ። ብዙ የተከበሩ ነጋዴዎች «እኔ የምሰጠው የራሴን መብት ለማግኘት ነው፤ ዕቃዬ ሕጋዊ ነው፤ ግብሬንም ከፍያለሁ» ይላሉ። በእርግጥ መብቱን ለማግኘት ተገድዶ የሚከፍልና የማይገባውን ለማግኘት ብሎ የሚከፍል ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ተዘርፏል፤ ሁለተኛው ዘራፊ ነው። በኅሊና ዘንድ ሁለቱን አንድ አድርጎ መኰነን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ነገር ግን ሁለቱ ሰዎች ገንዘቡን የሚሰጡት ለአንድ እጅ ነው። ያ እጅ ከሕጋዊው ነጋዴ መቀበልን ከተማረ በኋላ ከሌላው ጋር ሲገናኝ አዲስ ትምህርት አያስፈልገውም። ዛሬ ለሰሊጥ የተከፈተ በር ነገ ለጦር መሣሪያ ይከፈታል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሸራ ለብሶ ለሚያልፍ፣ በሸራውም ሥር ወጣቶች ለታጨቁበት መኪና ይከፈታል። መተማ ወደ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ሊቢያና ወደ ባሕር ለሚወሰዱ ልጆች መተላለፊያ ሆና የቆየች መሆኗን የማያውቅ የለም። የሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ቅጣቱን ከባድ አድርጎ ደንግጓል። አዋጁን የሚያስፈጽመው ግን በኬላው ላይ የቆመው ሰው ነው። የሰሊጥ ነጋዴው «እኔ ሰው አላሻገርሁም» ቢል እውነቱን ነው፤ ነገር ግን በር ጠባቂው መሸጥን የለመደው በማን ገንዘብ ነው? የተሸጠ በር ጭነት አይመርጥም።

ይህ ነገር ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ ይልቁንም ክብደት አግኝቷል። በዚያ ቀን በካርቱም ጦርነት ከተነሣ በኋላ ብዙ ሕዝብ ነፍሱን ለማዳን በዚሁ በር ወደ እኛ ገብቷል። ቤቱን ጥሎ፣ ልጆቹን ይዞ የሚመጣ ሰው ተራውን ሊገዛ ቀርቶ የሚበላው የለውም። ተራ በገንዘብ በሚሸጥበት ስፍራ ገንዘብ የሌለው ሰው ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው። ጊዜው በከፋና ጸጥታው በተናወጠ ቁጥር ሕግ የሚያስፈልገው ለደካማው ነው፤ ሙስናም አስቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ የደካማውን ሕግ ነው።

ስለ ምን አይተውም?

ጠቢባን ይህን ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ አንሥተዋል። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ስለ መንግሥት አስተዳደር የጻፈው ሕንዳዊው ካውቲልያ የመንግሥት ገንዘብ የሚጎድልባቸውን 40 መንገዶች ቆጥሮ፣ በውኃ ውስጥ ያለ ዓሣ ውኃ መጠጣቱ እንደማይታወቅ ሁሉ በገንዘብ ላይ የተሾመም ሰው መቼ እንደሚወስድ ለማወቅ አስቸጋሪ መሆኑን ተናግሯል። የግሪኩ አርስጣጣሊስ ደግሞ «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ሹመት የትርፍ ምንጭ እንዳይሆን ሕግ መሠራት እንዳለበት ካስተማረ በኋላ፣ የሕዝብ ገንዘብ ርክክብ በሕዝብ ፊት እንዲደረግና የሒሳቡ ግልባጭ በየማኅበሩ እንዲቀመጥ መከረ። ስለ ግልባጭ ያነበብሁ ዕለት ደስ አለኝ። ታላቁ ፈላስፋ ስለ መልካም ኑሮ ብዙ ከተመራመረ በኋላ ጉዳዩን ለጸሓፊ አስረክቦታልና።

ሙስና የሚኖረው ሁሉም ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። እያንዳንዱ «እኔ ብቻዬን ብተው ዕቃዬ ይበላሻል፤ ጎረቤቴ ይቀድመኛል» ብሎ ስለሚፈራ ነው። ሁሉም ቢተው ሁሉም ይጠቀማል፤ አንዱ ብቻውን ቢተው ግን እርሱ ብቻ ይጎዳል። ተቀባዩም ቢሆን ሁልጊዜ አውሬ አይደለም። በቆላ ሐሩርና ወባ መካከል፣ ከቤተሰቡ ርቆ፣ በማያደርስ ደመወዝ የተቀመጠ ሰው ነው። ችግር የመጀመሪያውን ጉቦ ሊያስረዳ ይችላል፤ ፎቅ የሠራውን ጉቦ ግን አያስረዳም። ችግረኛውን ማዘን ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በሰልፉ ላይ የቆሙት እናት ከእርሱ የበለጡ ችግረኛ መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

በሕግ በኩል ብዙ ተደርጓል። የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቁሟል። የሹማምንትን ሀብት ለማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002፣ ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ ለመስጠት አዋጅ ቁጥር 699/2003፣ የሙስና ወንጀሎችን ለመደንገግ አዋጅ ቁጥር 881/2007 ወጥተዋል። በሕጉ ተቀባዩ ብቻ ሳይሆን ሰጪውም እንደሚቀጣ ነጋዴው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ሕግ ግን የሚነሣው ከማስረጃ ነው፤ ማስረጃም የሚገኘው ከመዝገብ ነው። መዝገቡ «ልዩ ልዩ» ካለ ሕጉ ምን ይይዛል?

ከመዝገቡ የተገኘ ነገር

ከዚያ ኅዳር በኋላ ባለው ዓመት እኔ በመዝገቡ ላይ «ልዩ ልዩ» የሚለውን ዓምድ ለሁለት ከፈልሁት። አንዱን እንደ ነበረ ተውሁ፤ ሁለተኛውን «ያለ ደረሰኝ ለማስፈጸሚያ የተከፈለ» ብዬ ሰየምሁት። ቀኑን፣ ልኩንና ጉዳዩንም ጻፍሁበት። ሰኔ ሲያልቅ ለጌታዬ አቀረብሁላቸው። ተቆጡ።

«ይህን ምን ልታደርግበት ነው? በእኔ ላይ ማስረጃ ታስቀምጣለህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ያልሆነ ነገር አልጻፍሁም። ድምሩን ብቻ ይዩልኝ» አልኋቸው።

ድምሩን አዩት። የሁለት ዘበኞቻችንን የዓመት ደመወዝ በአንድነት ይበልጥ ነበር። ደረሰኝ ስለሌለውም ከግብር ሒሳብ ላይ እንደማይቀነስ፣ ስለዚህ ላልቀረው ገንዘብ ጭምር ግብር እንደሚከፍሉበት አስረዳኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ። በመጨረሻም «ለካ አንድ ሦስተኛ ዘበኛ ቀጥረን ኖሯል፤ እርሱም ሌባ የሚጠብቅ» አሉ።

በተከተለው መከር ጌታዬ ከሌሎች ጥቂት ነጋዴዎች ጋር ተነጋግረው በአንድነት ወደ ኃላፊው ቀረቡ። ማንንም አልከሰሱም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመኪናው ተራ በየጧቱ በወረቀት ተጽፎ በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ብለው ለመኑ። ኃላፊውም ፈቀዱ። ተራው ተለጠፈ። በዚያ ሰሞን የእኛ ካሚዮን አራት ቀን ቆመ፤ የኪራዩን ሒሳብ እኔው ጻፍሁት፤ ኪሣራ ነበር። ነገር ግን ደረሰኝ ያለው ኪሣራ ነበር። በታኅሣሥ አጋማሽ ወረቀቱ ከሰሌዳው ላይ ጠፋ። ነጋዴዎቹ እንደ ገና ሄደው ጠየቁ፤ እንደ ገና ተለጠፈ። ከዚያም ወዲህ አንዳንድ ጊዜ ይለጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ይቀደዳል። ድል አድርገናል ብዬ አልጽፍም፤ ይህ መዝገብ ነውና።

ከዚህ ተነሥቼ ለንግድ ምክር ቤታችን አባሎች ሦስት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የንግድ ቤት ያለ ደረሰኝ የከፈለውን በራሱ ስም ለይቶ ይጻፍ፤ ሰው በስሙ የማይጠራውን በሽታ አያክምምና። ሁለተኛ፣ አቤቱታ ሲኖር በአንድ ነጋዴ ስም ሳይሆን በምክር ቤቱ ስም ይቅረብ፤ አንዱ ሲናገር ዕቃው ይታገትበታል፤ ሁሉም ሲናገሩ ግን የሁሉን ዕቃ ማገት አይቻልም። ሦስተኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የአገልግሎቱ ተራ፣ ዋጋና የሚወስደው ጊዜ በአደባባይ ተጽፎ እንዲለጠፍ በየመከሩ መግቢያ አስቀድመን እንጠይቅ። እነዚህ ታላቅ ገንዘብ የሚጠይቁ ነገሮች አይደሉም፤ ወረቀት፣ ምስማርና አንድነት ይበቃቸዋል።

እኚያን እናት ከዚያ ወዲህ በሰልፉ ላይ አላየኋቸውም። ንግዱን ትተው እንደ ሆነ፣ ወይም በሌላ መንገድ ይሄዱ እንደ ሆነ አላውቅም። ጥያቄያቸው ግን ከእኔ ጋር ነው። ሰልፍ ወደ ኋላ ይሄዳል ወይ? አዎን እናቴ፤ ከፊት ያለነው ተራ ስንገዛ ይሄዳል። ይህን ያኔ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።